«ብርቱው መድኃኒት የትኛው ነው?»
ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የጤና ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር



የምሠራው በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ስለ ሆነ፣ በየደብሩ ስገኝ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ከእነዚህ አንቲባዮቲኮች ብርቱው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። ክሊኒክ ያለው ሰበካ በጥቂት ገንዘብ የተሻለውን መድኃኒት ለመግዛት ይሻል፤ ልጇ የታመመባት እናትም ቶሎ የሚያድነውን ትፈልጋለች። ላቦራቶሪው ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። እርሱ የሚመልሰው ጠበብ ላለ ሌላ ጥያቄ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አለማወቅም የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ምሳሌዬን የምወስደው ከአንድ ወገን፣ ከፔኒሲሊን ዘመዶች ነው። ፔኒሲሊንን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 በለንደን አገኘው፤ ለሕክምና ያበቁት ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በኦክስፎርድ የነበሩት ፍሎሪ፣ ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከዚያም ኬሚስቶች የመድኃኒቱን መካከል ሳይነኩ ጎኑን እየለወጡ አምፒሲሊንን፣ አሞክሳሲሊንንና ክሎክሳሲሊንን ሠሩ። ሴፍትሪያክሶንም የቅርብ ዘመዳቸው ነው። የሁሉም ሥራ አንድ ነው፤ ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይሠራ ይከለክሉታል፤ ግድግዳ ያጣ ባክቴሪያም ይፈነዳል።

እነዚህን ዘመዳሞች የምናወዳድረው እንዲህ ነው። ከሕመምተኛው የተወሰደውን ባክቴሪያ ምግብ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በተርታ በቆሙ ቱቦዎች እናስቀምጣለን። በመጀመሪያው ቱቦ ብዙ መድኃኒት፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው የግማሹን ግማሽ እያልን እስከ መጨረሻው እንወርዳለን። በማግስቱ የደፈረሰው ቱቦ ባክቴሪያው እንደ ረባ ይነግረናል፤ የጠራው እንደ ተገታ። ጠርተው ከተገኙት ሁሉ አነስተኛ መድኃኒት ያለበት ቱቦ «የሚገታው ዝቅተኛ መጠን» የምንለውን ቍጥር ይሰጠናል።

ሁለተኛውና በየሆስፒታሉ የተለመደው መንገድ ባክቴሪያውን በሳሕን ላይ ዘርቶ፣ መድኃኒት የጠጡ ትንንሽ የወረቀት ክቦችን በላዩ ማስቀመጥ ነው። ሌሊቱን መድኃኒቱ ከወረቀቱ ወደ ዙሪያው ይሰርጋል፤ ባክቴሪያው ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብም ይታያል። ያንን በማስመሪያ እንለካዋለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ክቡ የሰፋለት መድኃኒት ብርቱ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ መድኃኒት የሚሰርግበት ፍጥነት፣ በወረቀቱ ላይ ያለው መጠንና በሕመምተኛው ደም ውስጥ የሚደርስበት ልክ የተለያየ ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ መለኪያ ተሠርቶለታል። ብዙ ላቦራቶሪዎች በሚጠቀሙበት የአሜሪካ መመሪያ መሠረት፣ ኢ. ኮላይ ለተባለው የአንጀት ባክቴሪያ የአምፒሲሊን ክብ 17 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ «ይሠራል» ይባላል፤ የሴፍትሪያክሶን ግን 23 መድረስ አለበት። እንግዲህ በአንዱ ሕመምተኛ ሳሕን ላይ 18 ሚሊ ሜትር የለካው አምፒሲሊን ያድናል፤ በሌላው ሳሕን ላይ 19 የለካው ሴፍትሪያክሶን አያድንም። ውጤቱን አንብቦ መተርጐም የባለሙያ ሥራ የሆነው ስለዚህ ነው።

ደረጃው ደግሞ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይገለባበጣል። ብጉንጅና ቍስል የሚያመግለውን ስታፊሎኮከስ እንውሰድ። መከላከያ የሌለውን ስታፊሎኮከስ ለመግታት አሮጌው ፔኒሲሊን ከክሎክሳሲሊን እጅግ ባነሰ መጠን ይበቃል። ነገር ግን አብዛኛው ስታፊሎኮከስ ዛሬ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመነጫል። እንዲህ ያለ ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ መኖሩን አብርሃምና ቼይን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1940፣ መድኃኒቱ ገና ለሕዝብ ሳይደርስ ነበር። በዚህኛው ፊት ፔኒሲሊን ከንቱ ይሆናል፤ ኢንዛይሙ የማይሰብረው ክሎክሳሲሊን ግን ይሠራል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ለሁለቱም አይበገርም። ታዲያ ከሁለቱ ብርቱው ማን ነው?

ላቦራቶሪው ፈጽሞ የማያየውም ነገር አለ። አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን በቱቦ ውስጥ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። በአፍ ሲወሰዱ ግን አሞክሳሲሊን ከአንጀት ወደ ደም በእጅጉ ይበልጥ ይገባል፤ አምፒሲሊን ደግሞ ከምግብ ጋር ከተወሰደ ይቀንሳል። ሰው ቱቦ አይደለምና።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ ልምጣ። በጾም ወራት «ሦስቱን የቀን እንክብል ማታ ባንድነት ብውጠውስ?» የሚሉ ምእመናን እንዳሉ ከካህናት ሰምቻለሁ። ለሕሙማን ስለሚሰጠው ፈቃድ እኔ ለእናንተ አልናገርም፤ የንስሐ አባት ያውቀዋል። የምናገረው ስለ መድኃኒቱ ነው። የፔኒሲሊን ወገን የሚሠራው በደም ውስጥ ያለው መጠን ከዚያ «ከሚገታው ዝቅተኛ መጠን» በላይ ሆኖ በቆየበት ሰዓት ልክ ነው፤ ከፍታው እጥፍ ቢሆን ብዙም አይጠቅም። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ያለው አሞክሳሲሊን በየአንድ ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሦስቱን ማታ የዋጠ ሰው ከነገ ረፋድ ጀምሮ መድኃኒት እንዳልወሰደ ሊቈጠር ይችላል፤ ባክቴሪያው ቀኑን ሙሉ ይረባል። ይህን የነገራችሁት ሕመምተኛ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ይወስን።

በደብራችሁ ምናልባት አንድ ሁለት የሚገኙ፣ በየወሩ መርፌ የሚወጉ ወጣቶችም አሉ። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በልጅነታቸው ሳይታከም ቀርቶ ልባቸውን የነካባቸው ናቸው። (እንጥል ማስቈረጥ ይህን ባክቴሪያ አያጠፋም፤ ሌላ ቍስል ይጨምራል እንጂ።) የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ርካሽና የቈየ መድኃኒት በመሆኑ አንዳንዶች «ዘመናዊ ይቀየርልን» ይላሉ። ላቦራቶሪው ግን ለአሮጌው ይመሰክራል። ይህን ስትሬፕቶኮከስ ለመግታት በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ ሚሊ ግራም መቶኛው እጅ ያህል ፔኒሲሊን ይበቃል፤ ከሰማንያ ዓመት አገልግሎት በኋላም ፔኒሲሊን ይህን ባክቴሪያ ማከሙን አላቋረጠም። በጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም የሚንጠባጠበው መርፌ ለሳምንታት የሚጠብቃቸውም ባክቴሪያው የሚገታው በዚህ ያህል ጥቂት መጠን ስለ ሆነ ነው። ሐኪሙ የወሰነው የሦስት ወይም የአራት ሳምንት ቀን ሲያልፍ ግን መጠኑ ከሚገታው በታች ይወርዳል፤ አዲስ የጉሮሮ ሕመም ቢመጣም ቀድሞ የተጐዳውን ልብ የበለጠ ይጐዳዋል።

ክሊኒክ ላላችሁ ሰበካዎችም አንድ ቃል አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት አሞክሳሲሊንን፣ ክሎክሳሲሊንንና መደበኛውን ፔኒሲሊን በቅድሚያ ሊገኙ ከሚገባቸው መድኃኒቶች መድቧል፤ ሴፍትሪያክሶንን ግን በጥንቃቄ ሊያዙ ከሚገባቸው ጋር አስቀምጦታል። በጀታችሁን «ብርቱ ነው» ብላችሁ በሴፍትሪያክሶን ብቻ አትጨርሱ። ሴፍትሪያክሶን በብዛት በተወጋበት ቦታ እርሱን የሚሰብር ባክቴሪያ ይበዛል፤ በእኔ አስተያየት ለምጥ ደም መመረዝና ለማጅራት ገትር የሚደርስልንን መድኃኒት ለጉንፋን ማባከን ከስርቆት አይተናነስም። ክሊኒካችሁ ባክቴሪያ ማብቀያ ባይኖረውም፣ ናሙና ወደ ሆስፒታል የሚልክ ከሆነ፣ ናሙናው የሚወሰደው የመጀመሪያው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ ከተወሰደ ባክቴሪያው ላይበቅልልንና የምናወዳድረው ልናጣ እንችላለን።

መርፌ የሚወጉት ወጣቶች ለጸበል ወይም ለበዓል ወደ ሩቅ ገዳም ሲሄዱ ቀጠሮአቸው የሚያልፈው ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ነው። ከመነሣታቸው በፊት የመርፌ ካርዳቸውን እንዲይዙ፣ በሚሄዱበትም አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ መርፌው እንዳለው እንዲያጠይቁ ንገሯቸው። የገዳሙ አባቶችም የቀጠሮውን ቀን ቢያውቁት መልካም ነው።