ከሦስት ተራሮች ሥር ያለችው አሮጌዪቱ ከተማ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት እኛ አራት ተማሪዎች ከጂኦግራፊ መምህራችን ጋር ወደ መካከለኛው አሜሪካ ሄደን ነበርና፣ በዚያ ያየነውን በዛሬው ቀን እንድንነግራችሁ ታዘናል። ያየነው ሁሉ ይነገር ቢባል ፀሐይ ትጠልቅብናለች፤ ስለዚህ ስለ አንዲት ከተማ ብቻ እንናገራለን። እርስዋም በጓቴማላ አገር ያለችው አንቲጓ ናት። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አንቲጓ ማለት በስፓኝ ቋንቋ «አሮጌዪቱ» ማለት ነው። ስትቈረቈር ግን ስሟ ይህ አልነበረም። ሳንቲያጎ ትባል ነበር፤ ከቺያፓስ እስከ ኮስታ ሪካ ያለው ሰፊ አገር የሚገዛባት ዋና ከተማ ነበረች። አሮጌዪቱ የተባለችው ጥለዋት ከሄዱ በኋላ ነው። እኛንም ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ይኸው ጥሎ የመሄድ ነገር ነው።

ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። በአጠገቧ ሦስት ታላላቅ ተራሮች ቆመዋል፤ ሦስቱም የእሳተ ገሞራ ተራሮች ናቸው። በደቡብ ያለው አጓ ማለት «ውሃ» ይባላል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ፉዌጎ ማለት «እሳት» ከአካቴናንጎ ጋር ጐን ለጐን ይታያል። ከሦስቱ የሚበልጠው አካቴናንጎ ሲሆን ቁመቱ 3,976 ሜትር ነው። (ከራስ ዳሽን ያንሳል፤ ይህንንም ለአስጐብኚያችን ሳንነግረው አላለፍንም።) ወራቱ በዚያም ክረምት ስለ ነበር ጧት ጧት ተራሮቹ ጥርት ብለው ይታዩንና ከቀትር በኋላ ደመና ውጧቸው ዝናቡ ይወርድ ነበር።

ስፓኞች ከዚህች በፊት ዋና ከተማቸውን የሠሩት ከአጓ ተራራ ግርጌ ነበር። በ1541 ዓ.ም. በመስከረም ወር ብዙ ቀን ከዘነበ በኋላ በሌሊት ጭቃና ድንጋይ ከተራራው ወርዶ ያችን ከተማ አጠፋት። አገረ ገዢው በዚያው ዓመት ሞቶ ሚስቱ ዶና ቤያትሪስ ዴ ላ ኩዌቫ ሥልጣኑን ከያዘች ገና ጥቂት ቀን ነበር፤ እርስዋም ከደንገጡሮችዋ ጋር በጸሎት ቤት ሳለች ሞተች። የተረፉት ሰዎች ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ብለው በ1543 ዓ.ም. የዛሬዪቱን አንቲጓ ቈረቈሩ። ከውሃው ሸሽተው ወደ መንቀጥቀጡ መጡ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ 230 ዓመት ያህል ከተማዪቱ አደገች፤ በ1660 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት፣ በ1676 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ አገኘች። ምድሩ በ1717 እና በ1751 ክፉኛ ናጣት፤ ሕዝቡም እያለቀሰ መልሶ ሠራት። ሐምሌ 29 ቀን 1773 ዓ.ም. የደረሰው መንቀጥቀጥ ግን አብዛኛውን ቤትና ቤተ ክርስቲያን አፈረሰው። ገዢው ማርቲን ዴ ማዮርጋ ከተማው ይዛወር አለ፤ ሊቀ ጳጳሱ ፔድሮ ኮርቴስ ኢ ላራስ አይሆንም አለ። ንጉሡ ለገዢው ፈረደና በ1776 ዓ.ም. መንግሥቱ ዛሬ ጓቴማላ ሲቲ ወደምትባለው ሥፍራ ተዛወረ። የፍርስራሹ ድንጋይና በር ሳይቀር እየተነቀለ ለአዲሱ ከተማ ተጋዘ። እኛም ነገሥታቶቻችን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍል ውሃ ሲወርዱ የተከተለ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን የዋና ከተማ መዛወር እንግዳ አይሆንብንም። የአንቲጓ እንግዳነቱ ግን አዋጁን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው በፍርስራሹ መካከል የቀሩ ሰዎች መኖራቸው ነው።

ዛሬ ወደ ካቴድራሉ የሚሄድ ሰው ከፊት ለፊት ነጭና የተሸለመ፣ ምንም ያልጐደለው ቤተ ክርስቲያን ያያል። በጐን ዞሮ ወደ ኋላ ሲገባ ግን ታላላቅ ዓምዶች ብቻቸውን ቆመው ጣራው ሰማይ ነው። ላ ሬኮሌክሲዮን በሚባለው ገዳም ደግሞ በ1773 የወደቀው የጣራው ስባሪ እንደ ወደቀ ተጋድሟል፤ አንዱን ስባሪ አራታችንም ተያይዘን ልናቅፈው አልቻልንም። ላ ሜርሴድ የተባለው ቢጫ ቤተ ክርስቲያን ግን ከመንቀጥቀጡ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1767 ዓ.ም. ተፈጽሞ ዛሬም ቆሟል። መምህራችን ምክንያቱን በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩን፤ ግንቡ ወፍራም፣ ማማዎቹ አጫጭር ናቸው። እግሩን አንፈራጦ የቆመ አጭር ሰው ይመስላል። ሠሪው ከቀድሞዎቹ መንቀጥቀጦች ተምሮ ነበር።

በከተማው የቀሩት ድሆች አዲስ ሕንፃ ለመሥራት አቅም ስላልነበራቸው አሮጌው ሳይነካ ቈየ። ኋላም ቍልቋል ላይ ከሚረባ ትንኝ መሳይ ተባይ ቀይ ቀለም እያወጡ ሸጡ፤ አውሮፓ በፋብሪካ ቀለም መሥራት ሲጀምር ያ ንግድ ወደቀና ቡና ተከሉ። በ1944 ዓ.ም. ከተማዪቱ የአገር ቅርስ ተባለች፤ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። የጎንደሩ የፋሲል ግቢም የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነው።

ከከተማው ወጣ ስንል ሳን አንቶኒዮ አጓስ ካሊየንቴስ በሚባለው መንደር የካክቺኬል ሴቶች ሲሸምኑ አየን። የመሸመኛውን አንድ ጫፍ ከዛፍ ወይም ከምሰሶ፣ ሌላውን ከወገባቸው አስረው በጉልበታቸው ተንበርክከው ይሠራሉ። ሴቶች ይሸምናሉ ብንል አገር ቤት ማን ያምነናል ተባባልን።

የቡናው እርሻ ግን አገራችንን አስታወሰን። ቡናው ከኢትዮጵያ ጫካ የተገኘው ያው ቡና ነው፤ ጥላ የሚሆነውም በየግቢያችን የምናውቀው ግራቪሊያ ነው። በዚያ እርሻ ሳለን ፉዌጎ በሩቁ ጢሱን ይተፋ ነበር። ይህ ተራራ ሰኔ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ፈንድቶ የጋለ አመድና ድንጋይ በሸለቆ ወርዶ ሳን ሚጌል ሎስ ሎቴስ የተባለውን መንደር ቀበረው፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ጠፍተው ቀሩ።

እንግዲህ ክርክራችን እዚህ ላይ በረታ። ሁለታችን፦ ንጉሡ ልክ ነበር፤ ሕዝብ ከሞት መራቅ አለበት፤ አልን። ሁለታችን ደግሞ፦ የሄዱትስ የት አመለጡ? አዲሱ ከተማ በ1917 እና በ1918 ፈረሰ፤ በ1976 ዓ.ም. በደረሰውም መንቀጥቀጥ በአገሩ 23,000 ያህል ሰው አለቀ፤ ጀግኖቹ የቀሩት ናቸው፤ አልን። በመጨረሻ ቡና የሚጠብቁትን አንድ ሽማግሌ በአስጐብኚያችን በኩል ጠየቅናቸው፦ «አባታችን፣ ተራራውን እያዩ ለምን ከዚህ አይለቁም?»

ሽማግሌው ወደ ተራራው ተመልክተው፦ «ልጆቼ፣ ይህን መልካም አፈር የሰጠን እርሱ ነው» አሉ። የቀሩትን ጀግኖች ያልነው ሁለታችን ደስ አለን። እርሳቸው ግን ገና አልጨረሱም ነበር። «ሌላ ቦታ መሬት የሚሰጠኝ ቢገኝ ደግሞ ነገ ጧት እሄዳለሁ። የእኔ አይደለም፤ የሰው ቡና ነው የምጠብቀው» አሉን።

በመኪና ስንመለስ ማንም አልተከራከረም። በ1776 ከቀሩት ሰዎች ውስጥ ስንቶቹ ከተማቸውን ወደው፣ ስንቶቹስ መሄጃ አጥተው እንደቀሩ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንዳችንም አልጠየቅንም ነበር። መምህራችንም ዝም ብለው ይሰሙን ነበርና፦ «ይህን ጥያቄ በደብተራችሁ ጻፉት» ብቻ አሉን።

ከመንገድ ዳር ያነሣነውን ጥቂት የፉዌጎ አመድ በክብሪት ሣጥን ይዘን መጥተናል። ጥቍርና ሸካራ ነው፤ ከምድጃ አመድ ይልቅ የተፈጨ ድንጋይ ይመስላል። በጂኦግራፊው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋልና ማየትና መንካት የምትፈልጉ ሁሉ ከበዓሉ በኋላ ኑ፤ አንዳችን በዚያ እንቈያችኋለን።