ያለ ኢንተርኔት ጥቅል ስልካችን ምን ይሠራልናል?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

የዛሬው ርዕሳችን የብዙዎቻችንን ኪስ የሚነካ ነው። ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ አባት፣ እናትና ልጆች እያንዳንዳቸው ስማርት ስልክ መያዛቸው የተለመደ ሆኗል። ስልኩ ከዐረብ አገር በስጦታ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በቁጠባ ተገዝቶ። ስልኩ ግን አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ በየሳምንቱ ሌላ ወጪ ይጠይቃል፤ የኢንተርኔት ጥቅል። ጥቅል መግዛት ያልቻለ ሰው ደግሞ «ስልኬ ያለ ዳታ ምን ይሠራል?» ብሎ ከመደወያነት ውጪ ሳይጠቀምበት ይኖራል። በሌላ በኩል ለልጁ ደብተር መግዣ ያጠረው ቤተሰብ ለአምስት ስልክ አምስት ጥቅል ሲገዛ ይታያል።

ሁለቱም አያስፈልግም። በስልካችን ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ነገር ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠንን ገንዘብ በምን ላይ እንዳዋልነው የምንጠየቅ እንደመሆናችን ጉዳዩን በጥሞና ማየቱ ተገቢ ነው።

ሒሳባችንን የሚበላው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ ልናውቀው የሚገባው ነገር አለ። ስልክ መደወልና የጽሑፍ መልእክት መላክ ዳታ አይፈልጉም። ስለዚህ «ሞባይል ዳታ» የሚለውን ብናጠፋው ማንም ሊደውልልን ይችላል፤ እኛም መደወል እንችላለን። አንዳንድ እናቶች ሒሳባቸው እንዳይበላ ሲሉ ስልኩን የአውሮፕላን ምልክት ባለው ቁልፍ ይዘጉታል። ይህ ግን ጥሪውንም ይዘጋል። መጥፋት ያለበት ዳታው ብቻ ነው።

ብዙ ሰው «ምንም ሳልጠቀም ካርዴ አለቀ» ይላል። እውነቱን ነው፤ እሱ አልተጠቀመም፤ ስልኩ ግን ተጠቅሟል። ዳታው ክፍት ከሆነ ስልኩ በኪሳችን ውስጥ እያለ እንደ ማስተካከያው ፕሮግራሞቹን ሊያድስ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም የተላከውን ፎቶና ቪዲዮም ሳይጠይቀን ሊያወርድ ይችላል። ጥቅል ከሌለን ደግሞ የሚቆረጠው ለመደወያ ከሞላነው ሒሳብ ላይ ነው። አንድ የግማሽ ሰዓት ቪዲዮ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢያወርድ 225 ሜጋባይት ይወስዳል። ከቡድን ወደ ቡድን የሚተላለፉትን ቪዲዮዎች ስንቆጥር ሒሳቡ የት እንደሚገባ ይገባናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዳታን ዘግቶ ማኖር፤ ሲያስፈልግ ብቻ ከፍቶ ሲጨርሱ መዝጋት። በዋትስአፕ ማስተካከያ ውስጥ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ማድረግ ይቻላል። የፕሮግራሞች እድሳትም በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል። ይህን ለማያውቁ እናቶችና አባቶች ልጆች አንድ ጊዜ ቢያስተካክሉላቸው ታላቅ ኸይር ነው።

የሰላት ሰዓትና ቂብላ

ውድ አድማጮች፣ የሰላት ሰዓት የሚያሳውቀው ፕሮግራም አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ሰዓቱን ለማወቅ በአብዛኛው ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ያለንበትን ቦታ፣ ቀኑንና የፀሐይን አቀማመጥ ይዞ ራሱ ያሰላዋልና። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የማስሊያ ስልቶቹ የተለያዩ ናቸው። የሙስሊም ዓለም ሊግ ስልት ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትሆን ፈጅር ገባ ይላል፤ የግብፁ 19.5፤ የሰሜን አሜሪካው 15 ዲግሪ ይወስዳል። በእኛ አገር አካባቢ የአንድ ዲግሪ ልዩነት አራት ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ስልት ቢመርጡ የፈጅር ሰዓታቸው በብዙ ደቂቃ ይለያያል። በረመዷን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዐስርም እንዲሁ ነው፤ ፕሮግራሙ የሐነፊን መዝሀብ ከተቀረው ለይቶ ያስቀምጣል። የሰፈራችንን መስጂድ ኢማም ጠይቀን ስልካችንን ከዚያ ጋር ማስማማት ይገባናል።

ቦታ ስንቀይርም እንዲሁ። ሐረር ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 3.4 ዲግሪ ያህል ስለምትርቅ ፀሐይ እዚያ 13 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። የአዲስ አበባውን ሰዓት ይዞ ሐረር የሄደ ጿሚ ሳያስፈልግ ሊዘገይ ነው። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የመጣው ግን ስልኩን ካላስተካከለ ጊዜው ሳይደርስ ሊያፈጥር ይችላል!

ቂብላን የሚያሳየው ኮምፓስም የሚሠራው በስልኩ ውስጥ ባለ የመግነጢስ መለኪያ ነው፤ ዳታ አይፈልግም። ከአዲስ አበባ የመካ አቅጣጫ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ ነው፤ ሰሜን ማለት ይቻላል። ኮምፓሱ ሌላ አቅጣጫ ካሳየ አጠገቡ መኪና፣ የብረት አልጋ ወይም ድምፅ ማጉያ መኖሩን እንይ፤ ብረትና መግነጢስ ያሳስቱታል። ራቅ ብሎ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እያደረጉ ማወዛወዝ ያስተካክለዋል።

መንገድ፣ ቁርኣን፣ ሬዲዮና ገንዘብ

ያለንበትን ቦታ የሚነግረን ጂፒኤስም ነፃ ነው። ስልኩ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም፤ ሲም ካርድም አይፈልግም። ዳታ የሚበላው ካርታው ነው። ካርታውን ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቀድመን ካወረድነው መንገድ ላይ አንድ ሳንቲም አናወጣም። የጎግል ካርታ ይህን ይፈቅዳል፤ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የተባሉትም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። ያለ ኔትወርክ መጀመሪያ ቦታውን ለማግኘት ጥቂት ደቂቃ ሊወስድበት ስለሚችል ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቆም ማለት ነው።

ቁርኣንም እንዲሁ። ጽሑፉ በስልክ ላይ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው። ድምፁን በተመለከተ 30 ሰዓት ያህል የሚወስድ ሙሉ ቂራአት በ128 ኪሎቢት ጥራት 1.7 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ በ32 ኪሎቢት ከሆነ ግን ከ450 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ለጆሮም ይሰማል። አንድ ጊዜ በሚሞሪ ካርድ ላይ ከተጫነ ለዓመታት ይደመጣል። ያንኑ ሱራ በየቀኑ ከኢንተርኔት እየከፈቱ መስማት ግን አንዱን ውሃ በየቀኑ እየገዙ እንደ መጠጣት ነው። ለተማሪዎቻችን ደግሞ ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል።

ብዙ ስልኮች የኤፍ ኤም ሬዲዮ መቀበያ አላቸው። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንቴና ሆኖ ስለሚያገለግል እሱን መሰካት ነው። እኛንም በዚሁ መንገድ የምትሰሙን ጥቂት እንደማትሆኑ እንገምታለን!

ገንዘብ መላክና መቀበልም ያለ ዳታ ይቻላል። በግንቦት 2013 ዓ.ል. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አገልግሎት ደግሞ በ*889# ይሠራል። ይህ የሚሄደው በተራው የስልክ መስመር ነው። ልጅ ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ እናት ዳታ ከፍታ መጠበቅ አያስፈልጋትም።

ይህ ሁሉ ጥቅሙ ገንዘብ መቆጠብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ አስፈላጊውን ነገር በስልኩ ላይ ቀድሞ ያስቀመጠ ሰውና ሁሉን ከኢንተርኔት የሚጠብቅ ሰው እኩል አልሆኑም።

አንዱ አውርዶ ለብዙዎች

በአንድ ቤት አምስት ሰው አንድን ትምህርት አምስት ጊዜ ማውረድ አይኖርበትም። አንዱ ያወርዳል፤ ለሌሎቹ ከስልክ ወደ ስልክ ይሰጣቸዋል። ብሉቱዝ ለትንሽ ነገር ይበቃል፤ ለትልቅ ፋይል ግን ዘንዴርን ወይም በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለውን «ኩዊክ ሼር» መጠቀም ይቻላል። እነዚህ በሁለቱ ስልኮች መካከል በቀጥታ ስለሚያስተላልፉ ጥቅል አይነኩም። የመድረሳ ኡስታዞችም ትምህርታቸውን በአንድ ሚሞሪ ካርድ ይዘው ለተማሪዎቻቸው ማከፋፈል ይችላሉ።

ከባሕር ማዶ ካሉት ጋር

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። ልጇ ሪያድ ወይም ዱባይ ያለች እናት ድምፁን ለመስማት ስትል ዳታዋን ቀንና ሌሊት ክፍት አድርጋ ትጠብቃለች። ሳዑዲ ዐረቢያ የኢንተርኔት ጥሪን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ነው፤ በኤምሬትስ የዋትስአፕ ጥሪ ለብዙ ዓመታት ታግዶ ቆይቷል። ስለዚህ እዚያ ያሉትም የራሳቸው ችግር አለባቸው።

እዚህ ላይ የሚጠቅመው ቀጠሮ ነው። ለምሳሌ ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ተብሎ ይቀጠራል፤ እናት በዚያ ሰዓት ዳታ ትከፍታለች ወይም ዋይፋይ ካለበት የዘመድ ቤት ትሄዳለች። ከቀጠሮ ውጪ የሚነገር ነገር ሲኖር ልጅ ሚስኮል ያደርጋል፤ ይህም «ዳታ ክፈቺ» ማለት ይሆናል። የድምፅ መልእክትም ከቪዲዮ ጥሪ እጅግ ያነሰ ዳታ ይወስዳል፤ ከወረደ በኋላ ደግሞ እናት በናፈቀች ቁጥር ያለ ክፍያ ትሰማዋለች። በውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች! ወላጆቻችሁ ሳይመልሱ ሲቀሩ ዳታቸው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በተራ ስልክ አንድ ጊዜ ሞክሩ። የቸኮለ ወሬ በዋትስአፕ ብቻ ልኮ «ነግሬያቸዋለሁ» ማለት አይበቃም።

የሰው ዋይፋይ የሰው ሐቅ ነው

ያለ ጥቅል ኢንተርኔት የሚገኘው በዋይፋይ ነው። ካፌ ደንበኛውን ሲፈቅድለት፣ ዘመድ በፈቃዱ ኮዱን ሲሰጥ፣ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ሲያመቻች ችግር የለበትም። የጎረቤትን ኮድ በተለያየ ፕሮግራም ፈልፍሎ መጠቀም ግን የተለየ ነገር ነው። «ምን ይጎድልበታል?» ይባላል። ይጎድልበታል! መስመሩ ይዘገይበታል፤ ጥቅሉ የተወሰነ ከሆነም ያልቅበታል። ባይጎድልበት እንኳ ያለ ፈቃዱ የተወሰደ ንብረቱ ነው። የአጥሩን በር ክፍት ያገኘ ሰው ከቧንቧው ሳይጠይቅ በየቀኑ በርሜል አይቀዳም። የጎረቤት ሐቅ በዲናችን ምን ያህል የከበደ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ደግሞም መጠየቅ ቀላል ነው። አሰላሙ ዐለይኩም ብሎ በሩን አንኳኩቶ «ለልጁ ትምህርት በቀን ግማሽ ሰዓት ብንጠቀም ትፈቅዱልናላችሁ?» ማለት ነው። ከተፈቀደም በተፈቀደው ልክ መጠቀምና ኮዱን ለሦስተኛ ሰው አለመስጠት አማና ነው።

«ነፃ ኢንተርኔት የሚሰጥ ፕሮግራም» እየተባለ ከሚዞረውም እንጠንቀቅ። አንዳንዱ የድርጅቱን አሠራር አታልሎ ሳይከፍሉ መጠቀሚያ ነው፤ ማታለል ደግሞ የሚታለለው ትልቅ ድርጅት ስለሆነ ሐላል አይሆንም። አንዳንዱ ራሱ ወጥመድ ነው፤ «ሃምሳ ጊጋ አሸንፈዋል» ብሎ የቴሌብር የምሥጢር ቁጥር ይጠይቃል። የምሥጢር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይሰጥም። በሕዝብ ዋይፋይ ላይ ሆነንም የባንክ ጉዳይ ባንፈጽም ይመረጣል፤ ለዚያ ከላይ ያልናቸው አጭር ቁጥሮች አሉ።

መክፈል ሲገባ

ይህን ሁሉ ስንል ጥቅል አትግዙ ማለታችን አይደለም። ለፈተና ምዝገባ፣ ሥራ ለማመልከት፣ ለንግድ ሥራ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሰው አለ። አባት «ያለ ዳታም ይሠራል» ብሎ የልጁን የትምህርት ዕድል ቢዘጋ ቁጠባ ሳይሆን ንፉግነት ነው። ዲናችን ከማባከንም ከንፉግነትም መካከል ያለውን መንገድ ያስተምረናል። ቤተሰቡ ለአንድ ወር የሞላውን ካርድ ሁሉ በወረቀት ይመዝግብ። በወሩ መጨረሻ አንድ ላይ ተቀምጦ ይደምር፤ የትኛው ለምን እንደዋለ ይነጋገር። ምናልባት አምስት ጥቅል ሳይሆን አንዱ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት አንድ የጋራ የቤት ዋይፋይ ይረክስ ይሆናል። ውሳኔው የየቤቱ ነው፤ ሳይደምሩ ግን መወሰን አይቻልም።

ከዚያ የተረፈው ገንዘብ ለደብተር፣ ለዘመድ መጠየቂያ፣ ለሰደቃ ይውላል። ከተረፈው ሰዓት ደግሞ ቤተሰቡ እርስ በርሱ የሚነጋገርበት ይገኛል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰጠን ሪዝቅ በረካ ያድርግልን፤ የሰው ሐቅ ከመድፈር ይጠብቀን፤ ርቀው ያሉ ልጆቻችንንም በሰላም ያገናኘን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።