ስለ ሥነ ልቡና መምህርነት ጥቂት ቃል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን፣ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ሰዎች ስለ ዩኒቨርሲቲ ምን አገባችሁ ትሉን ይሆናል። ያገባናል፤ ልጆቻችን እዚያ ናቸውና። ልጃቸው "ሥነ ልቡና አጥንቼ መምህር እሆናለሁ" ሲላቸው "ይህ ደግሞ ምን እንጀራ ይሆናል?" የሚሉ ወላጆች አሉ። ዛሬ የምንናገረው ለእነርሱ ነው።

ትምህርቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ቩንት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1879 በላይፕሲግ ከተማ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኗል። በአገራችንም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንደኛ ዓመት የሚገባ ተማሪ፣ ኋላ የትኛውንም ሙያ ቢይዝ፣ ጠቅላላ ሥነ ልቡናን እንዲማር ተደረገ። እንግዲህ ሆሳዕና ባለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ እዚህ በዱራሜ ግቢው አስተማሪ ይፈለጋል ማለት ነው።

ማስተማሩ ግን ዋዛ አይደለም። ኤቢንግሃውስ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በቃሉ ይዞ ራሱን ቢፈትን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ጠፍቶበት አገኘው። ስለዚህ ጥሩ መምህር አንብቦ ብቻ አይወጣም። መሐል ላይ ያቆምና ይጠይቃል፤ በሳምንቱም ያንኑ መልሶ ይጠይቃል። ተማሪው ከሚያውቀው ነገር ጋርም ያያይዘዋል።

ተማሪው የሚያውቀው ምንድን ነው? ከከምባታና ከሐዲያ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ወጣ እናንተው ታውቃላችሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ ክፍለ ሀገር፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ሲገኙ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ያን ጊዜ የልጇ ስልክ አልነሳ ያላት እናት ምን ሆነች? አስከሬን ሳይመጣ መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል። ሣጥን ያላየች እናት ግን ከርሞም በር በሩን ታያለች። ይህን የመሰለውን ኀዘን አሜሪካዊቷ ምሁር ፖሊን ቦስ አጥንታዋለች፤ በእኛ አነጋገር "ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት" ልንለው እንችላለን።

መጽሐፉን ሸምድዶ የሚያስተምርና ይህንን ከድንኳናችን ጋር አያይዞ የሚያስተምር መምህር አንድ አይደሉም። የኋለኛው ያስተማረው ልጅ ነገ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ሲመደብ፣ እንዲህ ላለችው እናት "በቃ እርሺው" ከማለት የተሻለ ቃል ያገኛል። የቤተሰቡ ስም ግን በክፍል ውስጥ አይነሳ፤ ገመና ነው።

ስለ ዕድገቱም እንናገር። እኛ በመዝገብ ቤት ደረጃ በደረጃ ነው ያደግነው፤ እዚያም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ረዳት ሆኖ ይገባል፤ በሁለተኛ ዲግሪ ሌክቸረር ይሆናል፤ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እያለ ይሄዳል። የሚመዘነውም በማስተማሩ፣ በምርምሩና ለኅብረተሰቡ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ዓመታት ይፈጃል፤ ደመወዙም ቶሎ ቤት አያሠራም። ውጭ አገር የሄደው ጓደኛው ለወላጆቹ ቤት ሲሠራ እርሱ ገና ተማሪ ይሆናል። ወላጅ መታገሥ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ሙያ ሲመርጥ አትከልክሉት። እናንተም መምህራን ልጆቻችን፣ የእድሩ በር ክፍት ነው፤ ኑና አብራችሁን ድንኳን ትከሉ፣ ከኀዘንተኛው ጋር ተቀመጡ። ጥያቄያችሁን ግን ለቅሶው በረድ ካለ በኋላ አድርጉት።