ተማሪ ከጥንቱ ግንብ ምን ይማራል?



የሥዕል ትምህርት በብዙ ስፍራ እንደ ዕረፍት ሰዓት ይቈጠራል። ተማሪው በመጽሐፍ የታተመውን የመስጊድ ሥዕል ይገለብጣል፤ ገልብጦም ማርኩን ይቀበላል። መስኮቱ በእንጨት ጥልፍልፍ የተሸፈነው ለምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። እጁ ሠርቷል፤ ዓይኑ ግን አላየም።

በገዳሪፍ ግዛት በቁረይሻ ለሚያስተምር መምህር ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በሰሜን በኩል በከሰላ፥ በታካ ተራራ ሥር፥ የኸትሚያ መስጊድና የሰይድ ሐሰን አልሚርጋኒ መቃብር ይገኛሉ። ከዚያም ወዲያ በቀይ ባሕር ዳር ሱዋኪን አለች። ቤቶቿ የታነጹት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ሮሻን የሚባለው ወደ መንገድ ወጣ ያለ የእንጨት መስኮት የባሕሩን ነፋስ ያስገባል፤ በውስጥ ያሉትንም ከመንገደኛ ዓይን ይሰውራል። ጌጡና ጥቅሙ አንድ ናቸው።

ንግዱ ወደ ፖርት ሱዳን ከዞረ በኋላ ግን ሱዋኪን ባለቤት አጥታ ፈረሰች። በካርቱም የሥዕል ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊ ዣን ፒየር ግሪንሎ ቤቶቹን በንድፍ መዝግቦ አቈየ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1976 በመጽሐፍ ታተመ። ግንቡ ቢወድቅ ንድፉ ምስክር ሆነ።

በካርቱም የተማረው ሠዓሊ ኢብራሂም ኤል ሳላሂም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1957 በለንደን ስሌድ ተምሮ ሲመለስ ሥዕሎቹን በካርቱም አሳየ፤ ሕዝቡ ግን የራሱን ነገር አላገኘባቸውም። እርሱም ሕዝቡን በመውቀስ ፈንታ አገሩን ዞሮ የየቤቱን ጌጥ መረመረ፤ በልጅነቱ በአባቱ የቍርኣን ትምህርት ቤት ወደ ለመደው የዐረብኛ ጽሕፈትም ተመለሰ። አዲሱ ሥዕሉ ከዚያ ተወለደ።

እንግዲህ መምህሩ ተማሪዎቹን አስቀድሞ በአካባቢያቸው ወዳለው መስጊድ፥ ጠባቂዎቹን አስፈቅዶ፥ ይውሰድ። በሩን በስንዝር፥ ግድግዳውን በእርምጃ ይለኩ። ኮምፓስ ባይኖር ክርና ሁለት ችንካር ይበቃል፤ በአሸዋ ላይ ክብ ይሣላል። በዚያው ክር የክቡ ዙሪያ ቢለካ ልክ በስድስት ይከፈላል፤ ነጥቦቹም አንድ እየተዘለለ ሲያያዙ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል። ልጁ ጌጥና ሒሳብ አንድ ምንጭ እንዳላቸው ያን ጊዜ በእጁ ይረዳል። ከዚህ በኋላ የራሱን ሥራ ይጀምር።

ከመተማ ማዶ የመጣ ክርስቲያን ተማሪ ቢኖርም ሥራው ባዕድ አይሆንበትም። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ ያየ ልጅ መስመር ከመስመር ሲጠላለፍ ያውቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን ቢናገር፥ የጎረቤቱን ጥበብ ማክበር የራሱን መርሳት እንዳልሆነ ይማራል።

የተማሪው ሥዕል ጎባጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከቀና ቅጂ ይልቅ፥ አይቶና ለክቶ የሠራው ጎባጣ መስመር ይበልጣል፤ መምህሩም ማርክ ሲሰጥ ይህን ያስብ።