የአጥር ካሳና የጉርብትና ሐቅ
ጎረቤታችን ቤት ሲያሠራ የሥራ ተቋራጩ ቁፋሮ የአጥር ግንባችንን ቢያፈርሰው ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን ወይ እንጣላለን፣ ወይ «ጎረቤት ነው» ብለን ዝም እንላለን። ሐቅን በመልካም ንግግር መጠየቅ ግን ጉርብትናን ማፍረስ አይደለም። ፍርስራሹ ሳይነሳ ፎቶ እናንሳ፤ ምስክር እንያዝ፤ የጥገናውን ዋጋ በባለሙያ እናስገምት። ከዚያም ጎረቤታችንንም ተቋራጩንም በሽማግሌ ፊት እናነጋግር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2028፣ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል። ራሱን ችሎ የሚሠራ ተቋራጭ ላጠፋው ግን አሠሪው ሁልጊዜ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ተጠያቂውን እንለይ። በሽምግልና ስንመላለስም የ2 ዓመቱ የክስ ጊዜ እንዳያልፍብን። የምንጠይቀውም የፈረሰብንን ያህል ብቻ ይሁን፤ በሰው ገንዘብ የተሻለ አጥር መመኘት ተበዳዩን በዳይ ያደርገዋል።