የሞርፊን መጠን

የዛሬው ርእሳችን የሞርፊን መጠን ነው። በካንሰር ሕማም የሚማቅቀውን ሰው ከጽኑ ሥቃይ የሚያሳርፈው ይህ መድኃኒት፣ ከልክ ሲያልፍ መተንፈስን የሚገታ በመሆኑ፣ ሐኪሙ የበሽተኛውን እስትንፋስ እየቆጠረ የሞርፊንን መጠን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። ታዲያ መጠኑ ለሁሉም አንድ የማይሆነው ለምንድን ነው? ኩንታል መሸከም የለመደ ወዛደር፣ ወራት አልጋ ላይ ከቆየ በኋላ የቀድሞ ሸክሙን በአንድ ጊዜ ቢያነሣ ይጎዳል። የሥጋችንም ሥርዓት እንዲሁ ነው፤ ሞርፊንን ይለምዳል፣ ሲተወው ደግሞ ልማዱን ያጣል። ከሱስ ለመላቀቅ ሞርፊንን ትቶ የከረመ ሰው፣ ወደ ቀድሞው መጠን ቢመለስ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የሞርፊንን መጠን በገዛ ፈቃድ መጨመርም ሆነ በድንገት ማቋረጥ አይገባም። ሕመምተኛውም ሱሰኛ እባላለሁ ብሎ ሥቃዩን አይደብቅ፤ ለሐኪሙ ይናገር።