ስለ እንጉዳይና ስለ ፀሐይ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል ስለ እንጉዳይ እናገራለሁ ብዬ ስሜን ባስመዘገብሁ ጊዜ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። መሳቃቸውም አያስደንቅም። በእኛ በቦኖሻ እንጉዳይ ማለት ዝናም ሲጥል በምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅል፣ እረኛ የሚለቅመው፣ ጠዋት ታይቶ ማታ የሚበሰብስ ነገር ነው። ነገር ግን የእንጉዳይ ዘመድ የሆነው ሻጋታ ከሞት ያዳነው ሰው ቍጥር የለውምና ነገሬን ከዚያ ልጀምር። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለው ሐኪም በሎንዶን ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ውስጥ ባክቴሪያ ካሳደገባቸው ሳሕኖች በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ጠፍተው አገኘ። ከዚህም ፔኒሲሊን ተገኘ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ማወቅ አንድ ነገር፣ በበቂ መጠን ማግኘት ሌላ ነገር ሆነ። በኦክስፎርድ ፍሎሪ፣ ቼይንና ሂትሊ ሻጋታውን በሕሙማን መጸዳጃ ሳሕን ሳይቀር እያሳደጉ ጥቂት በጥቂት ሰበሰቡ። በ1941 መጀመሪያ ላይ ቍስሉ ተመርዞ ፊቱ ያበጠ አንድ ፖሊስ በዚሁ መድኃኒት ተወጋና ተሻለው። መድኃኒቱ ስለ አነሰ ከገዛ ሽንቱ እያጣሩ መልሰው ሰጡት። በመጨረሻ አለቀ፤ ሰውየውም ሞተ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። መድኃኒቱ ታውቆ፣ ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ መጠኑ ብቻ ስለ አነሰ ሰው ይሞታል!

ታዲያ ምን ተደረገ? በዚያው ዓመት ፍሎሪና ሂትሊ ሻጋታውን ይዘው ወደ አሜሪካ፣ ፒዮሪያ ወደምትባል በበቆሎ አገር ወዳለች ከተማ ተሻገሩ። በዚያ ሞየር የተባለ ሊቅ የሻጋታውን ምግብ ለወጠ፤ ይኸውም ከወተት የሚገኘውን ስኳርና በፋብሪካ በቆሎ ከተዘፈዘፈበት የተረፈውን ፈሳሽ ሰጠው። ምርቱ ከአሥር እጅ በላይ ጨመረ። ማንም የማይፈልገው የበቆሎ እጣቢ ነበር! ቀጥሎም በ1943 ከዚያችው ከተማ ገበያ በተገኘ የሐብሐብ ዘመድ በሆነ ፍሬ ላይ ከፊተኛው የበረታ የሻጋታ ዘር ተገኘ። ያንንም በኤክስ ሬይና በአልትራቫዮሌት ጨረር እየመቱ ከተለወጡት መካከል ብርቱ ብርቱውን መረጡ። መጀመሪያ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የሚሰጠው 2 ዩኒት ያህል ብቻ ነበር፤ የዛሬ ዘሮች ግን በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ዩኒት ይሰጣሉ።

ምግቡን ለወጡ፣ ዘሩን መረጡ፣ ጨረር አበሩበት። የፊተኞቹን ሁለቱን የሻሾጎ ገበሬም በበቆሎውና በበርበሬው ያውቃቸዋል። አገራችንም በዚህ ባዶ እጅዋን አይደለችም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ከደረሱበት በኋላ፣ ሊቃውንት ከልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶች ኃይሉም ፍሬውም የበዛውን መርጠው ዓይነት 44 ብለውታል።

ሦስተኛው፣ ማለት ብርሃኑ፣ ወደ እንጉዳይ ይመልሰኛል። በእንጉዳይ ሥጋ ውስጥ ኤርጎስቴሮል የሚባል ነገር አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል፤ የእኛም ቆዳ በፀሐይ የሚያደርገው ይህንኑ የመሰለ ሥራ ነው። በፔኒሲሊኑ ጨረሩ ዘሩን ለወጠ፤ በዚህ ግን ዘሩ አይነካም። በጨለማ ቤት ያደገ እንጉዳይ ቫይታሚን ዲ የለውም ማለት ይቻላል። ተቈርጦ ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት የቀትር ፀሐይ ቢመታው ግን በ100 ግራም ከ10 ማይክሮግራም የሚበልጥ ሊይዝ ይችላል፤ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 15 ነው። ከተለቀመ በኋላ እንኳ ይህን መሥራቱ እጅግ ያስገርመኛል። በመስተዋት መስኮት በኩል የሚገባ ፀሐይ ግን አይበቃም፤ መስተዋቱ ጨረሩን ያስቀረዋል።

ፀሐይ ለሞላበት አገር ይህ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል መርምረው በ1997 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ዎቹ ሪኬትስ፣ ማለት በቫይታሚን ዲ ማነስ የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ነበረባቸው፤ ምቹ ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን 20 ብቻ። ፀሐይ በደጅ ሳለች ሕፃኑ ተጠቅልሎ በቤት ውስጥ ነው። ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ብለን እንሸፍነዋለን። የአክስቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ገና አልቆመም፤ እግሮቹም እንደ ቀስት ጐብጠው ነበር።

ለሕፃን መድኃኒቱ እንጉዳይ ነው አላልሁም፤ የእርሱ ነገር ፀሐይና ሐኪም ነው። እንጉዳዩን የምመኘው ለእናቲቱና ከቤት ለማይወጣ ሕመምተኛ ነው። አሠራሩም ለእኛ አይከብድም። ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ በጤፍ ጭድና በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ይበቅላል። ጭዱ በፈላ ውሃ ተነክሮ፣ ቀዝቅዞና ተንጠፍጥፎ፣ በስንዴ ወይም በማሽላ ላይ ካደገው የእንጉዳይ ዘር ጋር ተቀላቅሎ በላስቲክ ከረጢት ይታሰራል። በጨለማ ቤት ነጭ ክር ሲያለብሰው ከረጢቱን መብሳት፣ ነፋስ ማስገባት፣ እርጥበቱን መጠበቅ ነው። ከተለቀመ በኋላ ቀጫጭን አድርጎ ቈርጦ በሰፌድ ላይ በቀትር ማስጣት። ደርቆም ይቀመጣል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ይህን ሰምታችሁ ከዱር ያገኛችሁትን ሁሉ አትልቀሙ። ገዳይ የሆነው እንጉዳይ መርዙ አፍልቶ በማፍሰስ አይጠፋም፤ ሕመሙም የሚጀምረው ብዙ ሰዓት ቆይቶ፣ ሰውየው የበላውን ከረሳ በኋላ ነው።

በሚመጣው ክረምት ሁለት ከረጢት ለመዝራት አስበናል፤ ጭዱን የሚሰጠን አባት ቢገኝ ደስ ይለናል። አክስቴ ደግሞ ልጁን ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ልብሱን አውልቃ ማስቀመጥ ጀምራለች፤ ዓይን እንዳይበላውም ጀርባውን ወደ መንገድ ታዞረዋለች።